በቤት ኪራይ የቆመ ድልድይ፦ የድሮው የለንደን ድልድይ ታሪክ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምንናገረው ስለ ድሮው የለንደን ድልድይ ነው። በ1209 ተጠናቅቆ እስከ 1831 ድረስ፣ ከ600 ዓመት በላይ፣ እግረኛና ፈረሰኛ፣ ከብትና ጋሪ አሻግሯል። ከዚህ ዕድሜው ከ500 ዓመት በላይ የሆነውን ቤት ተሠርቶበት፣ ሱቅ ተከፍቶበት፣ ሰው ተወልዶበትና ሞቶበት አሳልፏል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ድልድይ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው በበሩ ላይ ተሰክተው ስለሚታዩት የተቀጡ ሰዎች ጭንቅላቶች ነው። ወሬው እውነት ነው፤ የስኮትላንዱ የዊልያም ዋላስ ጭንቅላት በ1305 እዚያ ተሰክቷል። ለድልድዩ ታሪክ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው ብለን እናምናለን። ቤቶቹ ለጌጥ አልተሠሩም፤ በከተማዋ መሬት ስለጠበበም ብቻ አልመጡም። የጥገና ገንዘብ ምንጭ ነበሩ። መሠረቱ ደግሞ ጥገና ለዓመታት ቢቋረጥበት የማይታገሥ ዓይነት ነበር።

ከታች እንጀምር። የቴምዝ ወንዝ በለንደን በኩል ከባሕሩ ጋር አብሮ ይተነፍሳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት በርካታ ሜትር ነው። በእንዲህ ያለ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ ለመሥራት በ1176 የተነሳው ፒተር የሚባል ቄስ ነው፤ ኮልቸርች በምትባል የከተማዋ ደብር ያገለግል ስለነበር የኮልቸርቹ ፒተር ይባላል። በእኛ አገር ዘመኑ የዛግዌ ነገሥታት ዘመን ነው። ፒተር ሥራው ሳያልቅ በ1205 ሞተ፤ የተቀበረውም በድልድዩ መካከል በቅዱስ ቶማስ ቤኬት ስም በተሠራው ቤተ ጸሎት ውስጥ ነው። ሥራው በጠቅላላው 33 ዓመት ፈጀ።

የመሠረቱ አሠራር ይህን ይመስላል። በወንዙ ወለል ላይ የኤልም ዛፍ ግንዶች እንደ አጥር ተጠጋግተው ዙሪያውን ይቸከላሉ። ሠራተኞች ከባድ ግንድ በገመድ ወደ ላይ ጎትተው ችካሉ አናት ላይ ይለቁታል፤ ችካሉ እስኪጠልቅ ድረስ ይህ ይደጋገማል። ውሃው የሚጎድለው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሥራው የሚሠራው በዚያች ፋታ ነው፤ ሙላቱ ሲመለስ ሁሉም ትቶ ይወጣል። የችካሉ አጥር ከተዘጋ በኋላ ውስጡ በድንጋይ ይሞላል፣ ከላዩ ወፋፍራም የኦክ አግዳሚዎች ይነጠፋሉ። የድንጋይ ምሰሶው የሚነሳው በእነዚያ አግዳሚዎች ላይ ነው። ምሰሶውን ከውሃው ግፊት ለመከላከል በዙሪያው ሌላ የችካል አጥር ይታጠርና እሱም በድንጋይ ይሞላል። እንግሊዞች ይህን የጀልባ ቅርጽ ያለው መከላከያ ስታርሊንግ ይሉታል። ምሰሶዎቹ 19 ነበሩ፤ የድልድዩ ርዝመት 276 ሜትር ገደማ፣ የመጀመሪያው ስፋቱ ደግሞ 6 ሜትር ገደማ ነበር። በአንደኛው ክፍት ላይ ከቅስት ይልቅ ወደ ላይ የሚነሳ የእንጨት ድልድይ ነበረ፤ ረጃጅም መርከቦች ቀረጥ ከፍለው በዚያ ያልፋሉ፣ ጠላት ሲመጣም ይነሳል።

የድልድዩ ሕመም የተወለደው እዚሁ ነው። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የሚኖር እንጨት አየር ስለማያገኝ ለመቶ ዓመታት ይቆያል። አንዴ የሚረጥብ፣ አንዴ የሚደርቅ እንጨት ግን ቶሎ ይበሰብሳል። የስታርሊንጎቹ ጫፍ በቀን ሁለት ጊዜ ይረጥባል፣ ሁለት ጊዜ ይደርቃል። ስለዚህ ችካሎቹ አናታቸው በስብሶ ያልቃል፣ የውስጡ ድንጋይ ይፈስሳል፣ ውሃውም ወደ ምሰሶው ሥር ይገባል። ጥገናው የታመመውን ነቅሎ መተካት አልነበረም፤ ችካሉ ቢነቀል ድንጋዩ ይናዳል። ከአሮጌው በስተውጭ አዲስ ችካል ይቸከልና መካከሉ በድንጋይ ይሞላል። እያንዳንዱ ጥገና ስታርሊንጉን አወፈረው፤ ስታርሊንጉ በወፈረ ቁጥር የውሃው መውጫ ጠበበ፤ መውጫው በጠበበ ቁጥር ውሃው ፈጠነ፤ የፈጠነው ውሃ ደግሞ የወንዙን ወለል ይበልጥ ቦረቦረ። መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን ይመግበው ነበር። ያ ካልተደረገ ግን ድልድዩ ስለሚወድቅ ሌላ አማራጭ አልነበረም።

ለዚህ የማያባራ ወጪ ቋሚ ገቢ ያስፈልጋል። በ1202 አካባቢ፣ ሥራው ገና ሳያልቅ፣ ንጉሥ ጆን በድልድዩ ላይ ቤት ተሠርቶ ኪራዩ ለጥገናው እንዲውል አዘዘ። የለንደን ነዋሪዎችም ሲናዘዙ ቤትና መሬት “ለእግዚአብሔርና ለድልድዩ” ብለው ይሰጡ ነበር። ገንዘቡን የሚይዙት የድልድዩ ሹሞች ናቸው፤ በደቡብ ማዶ ሳዘርክ ውስጥ ድንጋይና የኤልም ግንድ የሚከማችበት ግቢ ነበራቸው። ከ1381 ጀምሮ ያለው የሒሳብ መዝገባቸው ተጠብቆ ለእኛ ዘመን ደርሷል። በ1358 በድልድዩ ላይ 138 ሱቆች ተቆጥረዋል፤ ጓንት ሰፊው፣ ቢላዋ ሠሪው፣ ቀስትና ፍላጻ ሠሪው ጎን ለጎን ይነግዱ ነበር።

አሁን ቤቶቹን ጠጋ ብለን እንያቸው። ድልድዩ 6 ሜትር ብቻ ስፋት ኖሮት በሁለቱም ጎን ቤት ከተደረደረበት መንገድ ከየት ይመጣል? መልሱ ቤቱን ወደ ውሃው ማስወጣት ነው። ወፋፍራም አግዳሚ እንጨቶች ከድልድዩ ጠርዝ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ከሥራቸው ከምሰሶው ጎን የሚነሱ ሰያፍ ድጋፎች ይሸከሟቸዋል። የቤቱ ፊት በድልድዩ ላይ፣ ጀርባው በአየር ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ለመንገዱ የሚተርፈው በብዙ ቦታ ከ4 ሜትር ያነሰ ነበር። ወደ ውጭ የወጣ ቤት ወደ ወንዙ ማዘንበሉ ስለማይቀር፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች በላይኛው ፎቅ በተሻጋሪ እንጨትና በክፍሎች ተያይዘው እርስ በርስ ይሳሳቡ ነበር። ለአላፊው ሰው መንገዱ ዋሻ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ፣ መጸዳጃው ደግሞ በቀጥታ ወደ ወንዙ ነው።

ኪራዩ ከጥገናው ሲለይ ምን እንደሚሆን በግልጽ ታይቷል። ሄንሪ 3ኛ በ1269 የድልድዩን ገቢ ለሚስቱ ለንግሥት ኤሌኖር ሰጣት። ገንዘቡ ለድልድዩ መዋሉ ቀረ፤ ሕዝቡ አቤት አለ፤ ሰሚ ግን አልነበረም። በ1281 መጨረሻ የገባው ክረምት ብርቱ ነበር፤ ወንዙ በረዶ ሆኖ ረጋ፣ በረዶው በየምሰሶው መካከል ተጨናንቆ ገፋ፣ አምስት ቅስቶች ወደቁ። ከዚያ በኋላ ገቢው ወደ ከተማዋ ተመለሰ።

እሳትም ሌላ ጠላት ነበር። በ1212 ሳዘርክ ሲቃጠል ለመርዳትና ለማየት ድልድዩን የሞላው ሕዝብ፣ እሳቱ በነፋስ ወደ ሰሜኑ ጫፍም ስለተሻገረ፣ በሁለት እሳት መካከል ተይዞ ብዙ ሰው አለቀ። በ1633 ደግሞ በሰሜን ጫፍ ያሉት ከ40 በላይ ቤቶች ተቃጠሉ። የዚያ ክፍል ከፊሉ ሳይሠራ ክፍት ሆኖ በመቆየቱ የ1666ቱ ታላቅ የለንደን ቃጠሎ በድልድዩ ላይ ተሻግሮ ሳዘርክን ሳያገኝ ቀረ።

ከድልድዩ ሥር ማለፍ የነፍስ ጉዳይ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ከድልድዩ በላይ ያለው ውሃ በታች ካለው ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይኖረው ስለነበር በየቅስቱ ሥር ፏፏቴ ይፈጠራል። በ1428 የኖርፎክ መስፍን ጀልባ ስታርሊንግ መትቶ ተገለበጠ፤ እሱ ምሰሶው ላይ ዘሎ ሲድን አብረውት ከነበሩት ብዙዎቹ ሰጠሙ። አስተዋይ መንገደኛ ከድልድዩ በፊት ይወርድና በእግሩ ዞሮ ከታች እንደገና ይሳፈር ነበር። ያንኑ ኃይለኛ ውሃ በ1582 ፒተር ሞሪስ የተባለ ባለሙያ ለበጎ ተጠቀመበት፤ በሰሜን በኩል ባለው ቅስት ሥር የውሃ መንኮራኩር ተክሎ ለከተማዋ ቤቶች ውሃ ገፋ። ለከተማዋ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ነገር ግን መንኮራኩሮቹ ሲበዙ መውጫው ይበልጥ ጠበበ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መንገዱ ተጨናንቆ መተላለፊያ ጠፋ። በ1722 የከተማዋ ከንቲባ ወደ ከተማዋ የሚገባ በምዕራብ በኩል፣ የሚወጣ በምሥራቅ በኩል ይሂድ ብሎ አዘዘ፤ ይህ ማለት ሁሉም ግራውን ይዞ ይጓዛል ማለት ነው። እሱም አልበቃም። በ1756 ሕግ ወጣ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ቤቶቹ በሙሉ ፈረሱ፤ በ1759 ለመርከብ እንዲመች መካከለኛው ምሰሶ ተነስቶ ሁለቱ ቅስቶች አንድ ሰፊ ቅስት ሆኑ።

እዚህ ላይ የተፈጸመው ስህተት ለማንኛውም ድልድይ ሠሪ ትምህርት ነው። ለዘመናት በጠባብ በሮች ታፍኖ የነበረው ውሃ ሰፊ መውጫ ሲያገኝ ሁሉም ወደዚያ ተመመ፤ የአዲሱን ቅስት ጎረቤት ምሰሶዎች ሥር መቦርቦር ያዘ። ጆን ስሚተን የተባለው ስመ ጥር መሐንዲስ ተጠርቶ የሰጠው ምክር ቀጥተኛ ነበር፦ በቅርቡ የፈረሱትን የከተማዋን ቅጥር በሮች ድንጋይ ገዝታችሁ አሁኑኑ ወንዙ ውስጥ ጣሉ። ተጣለ፤ ምሰሶዎቹም ተረፉ።

የኪራይ ቤቶቹ ከፈረሱ ከ70 ዓመት በኋላ፣ ከአሮጌው ድልድይ 30 ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ፣ በጆን ሬኒ ንድፍ የተሠራው አዲስ ድልድይ በነሐሴ 1831 ተመረቀ፤ አሮጌው ወዲያው መፍረስ ጀመረ። በ1968 ተሸጦ በአሜሪካ አሪዞና የተተከለው ይህ የሬኒው እንጂ የመካከለኛው ዘመኑ ድልድይ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ያደባልቃል። የአሮጌውን አሻራ ማየት የሚፈልግ በቴምዝ ሰሜን ዳር ወዳለው ቅዱስ ማግነስ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። በደወል ማማው ሥር ያለው ቅስት በመጨረሻዎቹ ዘመናት ወደ ድልድዩ የሚገባው እግረኛ የሚያልፍበት ነበር። ቤቶቹ ሲፈርሱ ለእግረኛ መጠለያ ተብለው ከተሠሩት የድንጋይ ጎጆዎች ሁለቱ ደግሞ በቪክቶሪያ ፓርክ ቆመዋል።

የኪራዩ ገንዘብም አልጠፋም። ያ የድልድይ ገንዘብ ዛሬ ሲቲ ብሪጅ ፋውንዴሽን በሚባል ተቋም እጅ ነው፤ ታወር ብሪጅንና የአሁኑን የለንደን ድልድይ ጨምሮ አምስት የቴምዝ ድልድዮችን ይጠብቃል። ከጥገናው የተረፈውን ደግሞ ከ1995 ጀምሮ ለለንደን በጎ አድራጎት ሥራዎች ያከፋፍላል።

ስላዳመጣችሁን እናመሰግናለን።