«ኮምፒውተር ነው የሠራው» ላላችሁኝ፦ የቲንቲን ፊልም እንዴት ተሠራ?

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ ስለ ቲንቲን ነው የምናወራው። ያ ግንባሩ ላይ ጸጉሩ ቀጥ ብሎ የቆመው ልጅ። ያ ነጭ ውሻ የሚከተለው ጋዜጠኛ። ጋዜጠኛ ነው ይባላል እንጂ ዜና ሲጽፍ ያየው ሰው ብዙም የለም። ዓለምን ይዞራል፣ በጥይት ይሳታል፣ ሀብት ያገኛል፣ ቤቱ ይገባል። አለቃው ማን እንደሆነ ንገሩኝና እኔም እዚያ ልቀጠር።

ፊልሙ በ2011 ነው የወጣው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ፒተር ጃክሰን። የመጀመሪያ ምርቃቱ ብራስልስ ላይ ነበር። ለምን ብራስልስ? የቲንቲን አገር ስለሆነች ነዋ!

ሰዓሊው ቤልጅየማዊ ነው። ጆርጅ ሬሚ ይባላል። የስሙንና የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ገለበጣቸው፤ በፈረንሳይኛ ሲነበቡ «ኤርዤ» ሆኑ። በዚያ ስም ቀረ። በጃንዋሪ 1929 ቲንቲንን በአንድ የብራስልስ ጋዜጣ የልጆች እትም ላይ ጀመረው። ከዚያ በቃ፣ ዕድሜ ልኩን ሳለው። 24 መጽሐፍ። የመጨረሻው ሳያልቅ በ1983 ኤርዤ አረፈ።

ስፒልበርግስ እንዴት እዚህ ውስጥ ገባ? ይቺን እወዳታለሁ። በ1981 ኢንዲያና ጆንስን አወጣ። አንድ የፈረንሳይ ጽሑፍ ፊልሙን ከቲንቲን ጋር አነጻጸረው። ስፒልበርግ ደግሞ ቲንቲን ማን እንደሆነ አያውቅም! መጽሐፉን አስመጣ። ፈረንሳይኛ አያነብም። ግን ስዕሉን ብቻ እያየ ታሪኩ ገባው። አስቡት፣ አንድ ቃል ሳያነብ። ከኤርዤ ጋር ሊገናኙ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ሰውዬው ቀድሞ አረፈ። ስለዚህ ከዚያ ጽሑፍ እስከ ፊልሙ ሠላሳ ዓመት ሄደ።

አሁን ችግሩ ይኸውላችሁ። የኤርዤ ስዕል ጥርት ያለ መስመር ነው። ውፍረቱ አንድ ዓይነት ጥቁር መስመር፣ መሀሉ ድፍን ቀለም፣ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። የቆዩ የቤተ ክርስቲያን ስዕሎቻችንን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቲንቲን ደግሞ ዓይኑ ሁለት ነጥብ ነው። ሁለት ነጥብ! ይሄን ሰውዬ እንዴት ፊልም ታደርገዋለህ? እውነተኛ ተዋናይ ብታቆም፣ ዊግ ያጠለቀ ጎረምሳ ይሆንብሃል። ስፒልበርግ በመጀመሪያ ያሰበው ግን እሱኑ ነበር። ጃክሰንን የጠየቀው ውሻዋን ብቻ በኮምፒውተር እንዲሠራለት ነው። ጃክሰን ለሙከራው ራሱ ካፒቴን ሃዶክን፣ ያንን ሰካራም የመርከብ አዛዥ የቲንቲን ጓደኛ፣ መስሎ ለብሶ ተቀረጸ። ጺም፣ ኮፍያ፣ ሁሉም። ከዚያ ተመካከሩና ሁሉንም በኮምፒውተር እንሥራው አሉ። በሞሽን ካፕቸር።

እሺ፣ ሞሽን ካፕቸር ምንድን ነው? እዚህ ጋ ቡናችሁን ያዙ፣ ታሪክ አለኝ።

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነን። ማታ ነው፣ ድንኳን ውስጥ። ከበሮው ደርቷል። ድርግም! መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን ሊያስነሱ ሄዱ፣ ጄኔሬተሩ እምቢ አለ። ከበሮ መቺው ግን አላቆመም፤ ለሱ ምን ቸገረው? ጨለማ ውስጥ ድም ድም ይላል። ያኔ አንድ ሰው የስልኩን መብራት አብርቶ ሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተ። የሚታየው አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። ፊት የለም። ቁመት የለም። ነጥቧ ቀስ ብላ ወረደች። ቆመች። ከዚያ ትንቀጠቀጥ ጀመር፣ ግን አይቸኩልም፣ እየተጠራቀመ፣ እየተጠራቀመ መጥቶ አንዴ ወደ ላይ ፈንጠር! ድንኳኑ ሙሉ ጮኸ፦ «ጋሼ ናቸው!» እልልታው ቀለጠ።

አጎቴ ናቸው። ማንም ፊታቸውን አላየም። አንዲት ነጥብ ናት ያወቅናት።

ቀጥሎ አንዱ ሚዜ በሁለት እጁ ሁለት ስልክ ይዞ ገባ። ሁለቱ ነጥቦች እኩል ወጡ፣ እኩል ወረዱ፣ እኩል ወጡ፣ እኩል ወረዱ። አክስቴ ከኋላ «ይሄ ደግሞ ውሃ እየቀዳ ነው እንዴ?» አለች።

እንግዲህ ነጥቧን አብዟት። ትከሻ ላይ፣ ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ ወገብ ላይ። የጋሼን ሰውነት አጥፉትና ነጥቦቹን ብቻ አስቀሩ። አሁን ነጥቦቹን ለሌላ ሰውነት ስጡት። ለሕፃን ስጡት። ለዝሆን ስጡት። ዝሆኑ እስክስታ ሲወርድ እኛ ቤተሰቦቹ «ጋሼ ናቸው» እንላለን። ሞሽን ካፕቸር ይኸው ነው። በቃ።

ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ባዶ ግራጫ አዳራሽ። ዙሪያውን ካሜራ። ተዋናዮቹ ነጥብ ያለበት ጥብቅ ልብስ ይለብሳሉ፣ ፊታቸው ፊት ለፊት ትንሽ ካሜራ የተንጠለጠለችበት ነገር ጭንቅላታቸው ላይ ይታሰራል። ነጥቦቹ አጽም ይሆናሉ፣ አጽሙ ሞዴሉን፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራውን ሰውነት፣ ያንቀሳቅሳል፣ ቆዳ፣ ጸጉር፣ ብርሃን ይጨመርበታል፣ ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል ያወጣል (ሬንደር ይሉታል)፣ አለቀ። ስፒልበርግ ደግሞ እንደ ጌም መጫወቻ የምትያዝ ስክሪን ይዞ መሀላቸው ይንቀሳቀሳል። በዓይኑ የሚያየው ጥብቅ ልብስ የለበሰ ሰው ነው፤ በስክሪኗ ውስጥ ግን ካፒቴን ሃዶክ ቆሟል። ያው የቻናላችን ሰው ስለሆናችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁ ደግሞ ሰብስክራይብ አላደረጋችሁም ማለት ነው፤ ደወሏን ተጫኗት።

ወደ ፊልሙ ታሪክ ልገባ ነበር። ግን አልገባም። ምክንያቱም ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንዱ ጻፈልኝ፦ «ይሄማ ፊልተር ነው። ተዋናዩ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ካርቱን ይቀባዋል። አኒሜሽን አይደለም።» ሌላው ከሥሩ «ልክ ነህ» አለ። ሦስተኛው ላይክ አደረገ። ወንድሞቼ፣ ኑ እስቲ እንነጋገር።

ውሻዋን ስኖዊን ማን ተጫወተ? ነጥብ የለበሰ ውሻ አልነበረም። በቀረጻው ጊዜ በሽቦ የተሠራ የውሻ ቅርጽ ነበር ቦታ የሚይዘው። ስኖዊ ጆሮዋን ስታቆም፣ ስትሮጥ፣ አጥንት አይታ ሥራዋን ስትረሳ፣ አኒሜተሮች ቁጭ ብለው በእጃቸው ነው ያንቀሳቀሷት። የቱ ፊልተር ነው ይሄን የሚሠራው?

ሃዶክን የተጫወተው አንዲ ሰርኪስ ነው። የሰርኪስን አፍንጫ አይታችኋል? የሃዶክንስ? ያ አፍንጫ ራሱን የቻለ ቀበሌ ነው። ሰርኪስ ፊቱን ሲያኮማትር፣ የሰርኪስ ጡንቻ የሃዶክ ፊት ላይ እንዳለ አይገጥምም። ሰው ቁጭ ብሎ ማስተካከል አለበት፣ ቅንድብ በቅንድብ። ነጥቡ የጋሼን እንቅስቃሴ ይሰጥሃል እንጂ የዝሆኑን ቆዳ እንዴት እንደምታጥፈው አይነግርህም። ለዚህ ነው ተዋናዮቹ ሥራቸውን በ2009 በሳምንታት ውስጥ ጨርሰው፣ የኮምፒውተር ምስሉን የሠራው የኒውዚላንዱ ኩባንያ ዌታ ዲጂታል ግን እስከ 2011 ሲለፋ የኖረው።

ደግሞ ባጋር ላይ ያለው ማሳደድ! ባጋር የፈጠራ ከተማ ናት፣ ሞሮኮ ውስጥ። ሞተር ሳይክል፣ የተሰበረ ግድብ፣ ጎርፍ፣ ታሪኩ ውስጥ ሁሉም የሚፈልጋቸውን ወረቀቶች የነጠቀ ጭልፊት፣ ሆቴል ሙሉ እየጎተተ የሚወርድ ታንክ። ሁሉም ከሁለት ደቂቃ በላይ ያለ አንድ መቁረጥ! ካሜራው በሞተሩ ሥር ያልፋል፣ ጭልፊቱን ተከትሎ ይበራል። እኔ ስንቴ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ሚስቴ ትሰማለች።

ግን ፍትሐዊ ልሁን። ኮሜንት የጻፋችሁልኝ ሰዎች ብቻችሁን አይደላችሁም። የኦስካር ደንብ ራሱ ሞሽን ካፕቸር ብቻውን እንደ አኒሜሽን ስልት አይቆጠርም ይላል። ፊልሙ በአኒሜሽን ዘርፍ ለኦስካር አልታጨም። የታጨው በጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ብቻ ነው። ጎልደን ግሎብ የሚባለው ሌላው የፊልም ሽልማት ግን በ2012 የዓመቱ ምርጥ አኒሜሽን ብሎ ሸለመው። ፈረንጆቹም አልተስማሙም እንግዲህ።

ታሪኩን በአጭሩ። ከ1940ዎቹ ሦስት መጽሐፎች የተቀላቀለ ነው። ቲንቲን ገበያ ላይ የመርከብ ሞዴል ይገዛል፣ ምሰሶው ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አለ፣ እንደሱ ያሉ ሦስት ሞዴሎች አሉ፣ መጥፎው ሰውዬ ሁሉንም ይፈልጋል። የመጨረሻው የወደብ ክሬኖች ፍልሚያ እኔን አሰልችቶኛል፤ ከባጋር በኋላ ምን ልታሳየኝ ነው? ቲንቲን ራሱም ፊቱ ትንሽ የሱቅ አሻንጉሊት ይመስላል። ሁለት ነጥብ የነበረን ዓይን እውነተኛ ዓይን ስታደርገው የሆነ ነገር ይጠፋል። ሃዶክ ግን፣ ሃዶክ! ሰክሮ ሲያለቅስ ሰው ነው። ሁለተኛውን ፊልም ጃክሰን ዳይሬክት ያደርገዋል ተብሎ ነበር። እስካሁን እየጠበቅን ነው።

አንድ የቤት ሥራ። ፊልሙን ስትከፍቱ መጀመሪያ ላይ ገበያው ውስጥ የሰው ፊት የሚስል ሰዓሊ አለ። ቲንቲን ፊቱ ተቀምጧል። ሰዓሊው ጨርሶ ወረቀቱን ያዞራል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የመጽሐፉ ቲንቲን ነው፣ ሁለት ነጥብ ዓይን፣ ጥቁር መስመር። የሰዓሊውን ፊት ልብ ብላችሁ እዩት። ኤርዤ ነው። እዚያ ጋ ፖዝ አድርጉና ከኋላው የተሰቀሉትን ስዕሎች ቁጠሩ። ከሌሎቹ መጽሐፎች ስንቱን ገጸ ባሕርይ እንዳወቃችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እኔ ያወቅኩትን ሳምንት እነግራችኋለሁ። ቻው!