ማንሊን በበትሩ አትለኩብኝ

የተከበራችሁ የሠራተኛ ማኅበራችን አባላት፣ ጡረታ የወጣችሁ የትግል ጓዶቼ፣ እኅቶችና ወንድሞች፤

ስለ ቀድሞው የጃማይካ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ማይክል ማንሊ እንድናገር ስትጋብዙኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የጥሪ ወረቀቱን ሳነብ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። «የንጉሣችንን በትር የያዘው መሪ» ይላል። በሰው አገር ታሪክ ውስጥ የራሳችንን ነገር ካገኘን ሌላው አይታየንም! እንግዲህ የበትሩን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰውና እንገላገል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲደርሱ የአውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀውን ሕዝብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ማንሊ ወደ አገራችን መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በትር ሰጡት። ለ1972ቱ ምርጫ ያንን በትር ጨብጦ በየገጠሩ ዞረ። «የተግሣጽ በትር» ተባለ። ድሃው ለመንካት ይጋፋ ጀመር። ይህን ያየው የተቀናቃኙ ፓርቲ ሰው፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ሲያጋ፣ «እውነተኛው በትር እኔ እጅ ገብቷል» አለ። ማንሊም «የለም፣ እኔው ዘንድ ነው» ሲል መለሰ። አንዱ ሃርቫርድ፣ ሌላው ለንደን የተማሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ዱላ ተካሰሱ! ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን ማንሊ ራስ ተፈሪያዊ አልነበረም። የድሃን እምነት ድምፅ ማጥመጃ ማድረጉን አልወድለትም። ምርጫውን በ37 መቀመጫ አሸነፈ፤ ተቀናቃኞቹ 16 አገኙ። የበትሩ ወሬ እዚህ ላይ አበቃ።

እኔ የመጣሁት ስለ ሌላው ማንሊ ልናገር ነው። አባቱ ኖርማን ማንሊ ስመ ጥር ጠበቃና ልጁ ኋላ የመራው ፓርቲ መሥራች፣ እናቱ ኤድና ቀራፂ ነበሩ። ልጃቸው ከለንደን ተመልሶ ጥብቅና ወይም ንግድ ቢመርጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሱ ግን የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ ሆነ፤ በስኳር እርሻና አሉሚኒየም በሚሠራበት በቦክሳይት ማዕድን ሠራተኞች መካከል ወደ ሃያ ዓመት ቆየ። በ1964 የአገሪቱ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሠራተኞቹን ሲያባርር ከሦስት ወር በላይ የፈጀውን የሥራ ማቆም አድማ መራ። ከሕንፃው ፊት ቆሞ ግንቡን ከኢያሪኮ ቅጥር ጋር ስላመሳሰለው ሕዝቡ «ኢያሱ» አለው። ይህን ስም ያወጣለት ቤተ መንግሥት አይደለም፤ አድማ ላይ የወጣው ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በ1976 የማንሊ መንግሥት የልጆችን ሕጋዊ መብት የሚመለከት ሕግ አወጣ። ከዚያ በፊት በጃማይካ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በሕግ ፊት ዲቃላ ነበር። አባቱ ሳይናዘዝ ከሞተ ውርስ የለውም። የአገሪቱ አብዛኛው ልጅ ደግሞ እንዲሁ የተወለደ ነው። አስቡት፤ አንድ ሕዝብ በገዛ አገሩ ሕግ ከግማሽ በላይ ዲቃላ ተብሎ ሲኖር! የባርነት ዘመን ባሪያው እንዲያገባ አይፈልግም ነበር፤ የቅኝ ግዛቱ ሕግ ደግሞ ስላላገባ ቀጣው። ይህ ሁሉ ነው በ1976 የተሻረው። በዚህ አዳራሽ ያን ስድብ በልጅነቱ ያልሰማ ስንት ሰው አለ? እጅ አውጡ አልልም።

ሌላም አለ። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በ1975 ሲደነገግ የቤት ሠራተኛዋን ሳይቀር ነካ። በ1979 ደግሞ የወሊድ ፈቃድ በሕግ ተፈቀደ፤ 12 ሳምንት ዕረፍት፣ ስምንቱ ከነደመወዙ። በፈትል ክፍል አብረን የሠራን እኅቶች ታስታውሳላችሁ፤ አለቃው እንዳያውቅባት ሆዷን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አስራ ማሽን ላይ የምትቆመውን ጓደኛችንን። ስንቶቻችን አይተን ዝም አልን! እነዚያን ሦስት ሕጎች ጽፎ ያለፈን ሰው «ዱላ የያዘ» ብሎ መጥራት ነውር ነው። ነውር ነው እላለሁ!

የቦክሳይቱን ነገር በአጭሩ ልበል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት በዚያው በ1974 ማንሊ የውጭ ኩባንያዎች በሚያወጡት ማዕድን ላይ በአሉሚኒየም ዋጋ የሚሰላ 7.5 በመቶ ቀረጥ ጣለ። መንግሥት ከማዕድኑ የሚያገኘው ገቢ ብዙ እጥፍ አደገ፤ ኩባንያዎቹም ፊታቸውን ወደ ጊኒና አውስትራሊያ ማዞር ጀመሩ። ከኩባ ጋር ወዳጅነት መሠረተ፤ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኪሲንጀር በአንጎላ ጦርነት ገለልተኛ እንዲሆን ሲጠይቀው የደቡብ አፍሪካን ወራሪዎች ለሚዋጉት ወገነ። ከዚያ ብድሩ ደረቀ፤ በ1977 የዓለም ገንዘብ ድርጅት ደጅ ቆመ። የመደብር መደርደሪያዎች ባዶ ቀሩ። ስህተት አልነበረበትም አልላችሁም። ገንዘቡ ከሚችለው በላይ ቃል ገብቷል፤ ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ወደ ማያሚ በቀን አምስት በረራ አለለት ሲል፣ ሐኪሙና መሐንዲሱ ምክሩን ተቀብለው ሄዱ!

በ1980ው ምርጫ ዘመን 800 ያህል ሰው በፖለቲካ ግጭት አለቀ። የሁለቱም ወገን ታጣቂዎች እጅ አለበት፤ የእርሱ ፓርቲም ከዚህ ነፃ አይደለም። ማንሊ 51 ለ9 መቀመጫ ተሸነፈ፤ ሽንፈቱንም ተቀብሎ ሥልጣን አስረከበ።

በ1989 ወደ ሥልጣን ሲመለስ የምናውቀው ማንሊ አልነበረም። የምንዛሪ ቁጥጥሩን አነሣ፣ የመንግሥት ድርጅቶችን ሸጠ። ስለዚህ ብዙ የማወራው የለኝም። በ1992 በሕመም ምክንያት ሥልጣኑን ለፒ. ጄ. ፓተርሰን ለቀቀ፤ ማርች 6 ቀን 1997 አረፈ፤ የጉያናው ፕሬዚዳንት ቼዲ ጃገንም በዚያው ዕለት ነው የሞተው። የልጆቹ ሕግ ግን እርሱን ያሸነፉትም መንግሥታት ሳይሽሩት ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ በሻይ ሰዓት አግኙኝ። አመሰግናለሁ።