ሞተሪኖው ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም

[ምስል፦ ጠዋት። አሮጌ 125 ሲሲ ሞተርሳይክል። አውራ ጣት የማስነሻ ቁልፉን ይጫናል።]

ይህን ድምፅ ስሙት። ዚዝዝዝ! ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ይፈጥናል፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ደግመን እንጫን። ዚዝዝዝ! በሦስተኛው "ቋ" ብሎ ይይዝና ይነሳል።

እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ሞተሪኖው ተበላ ብዬ አዲስ ገዛሁ። ገጠምኩት። ያው ድምፅ! አሮጌው አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል፤ ምንም አልሆነም።

ጥፋቱ ያለው በመሐል ነው። ሞተሪኖውን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኝ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ክላች አለ። በእጃችን ከምንጨብጠው ፍሪሲዮን ጋር አታምታቱት።

[ምስል፦ የተፈታ ቮላኖ፣ ከጀርባው።]

ሱዙኪ ጂኤን 125ን እንውሰድ። ክላቹ ከቮላኖው፣ ማለትም በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ከሚዞረው ማግኔት ካለበት ከባድ ክብ ብረት፣ ጀርባ በሦስት ብሎን ታስሯል። ውስጡ ሦስት ትንንሽ ሮለሮች አሉ። እያንዳንዱ የተቀመጠበት ጎድጓዳ ባንድ ጫፉ ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ነው። ከኋላው ደግሞ ትንሽ ሞላ ወደ ጠባቡ በኩል ትገፋዋለች። ቁልፉን ስትጫኑ የሞተሪኖው ማርሽ ሮለሮቹን ጠባቡ ጋ ይወትፋቸዋል፤ ቮላኖው አብሮ ይዞራል። ሞተሩ ተነስቶ ማርሹን ሲቀድመው ሮለሮቹ ወደ ሰፊው ተመልሰው ይለቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ላይም ያለው ይኸው ዘዴ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ጆሯችሁን ተጠቀሙ። "ጠቅ" ብቻ ብሎ ዝም ካለ ክላቹን አትንኩ፤ ባትሪ፣ የማሳ ኬብል (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተርሳይክሉ ብረት የሚሄደው) ወይም ሪሌ (ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ማብሪያ) ነው። ሞተሪኖው እያቃሰተ ሞተሩን በዝግታ ካዞረም ባትሪውን ለኩ። አርፎ የቆየ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሪኖው በነፃ እየጮኸ ሞተሩ ካልዞረ ግን፣ ግራውን ክዳን ክፈቱ።

[ምስል፦ ክዳኑ ሲወጣ።]

መጀመሪያ ዘይቱን አፍስሱ። ክዳኑን ስትስቡ ማግኔቱ ይይዘዋል፤ አትደንግጡ፣ ጣታችሁን ብቻ ጠብቁ። አሁን ከቮላኖው ጀርባ ያለውን ትልቁን ማርሽ በእጅ አዙሩት። ባንዱ አቅጣጫ በነፃ መሄድ፣ በሌላው ወዲያው መያዝ አለበት። በሁለቱም ከተንሸራተተ ተገኘ።

ቮላኖውን በመዶሻ የሚያወርድ መካኒክ አይቻለሁ። እባካችሁ! ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ ዘንጉም ሊጣመም ይችላል። ለሞዴሉ የተሠራ ፑለር (ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ፈልጉ፤ ተውሳችሁም ቢሆን። ግማሽ ጨረቃ የምትመስለውን ትንሽ ብረትም አትጣሏት፤ ቮላኖውን በቦታው የምታስቀምጠው እሷ ናት።

አንዳንዴ ጥፋቱ ሦስቱ ብሎኖች መላላታቸው ብቻ ነው። በቤንዚን አጥቡ፣ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ቀቡ፣ አጥብቁ። ሮለሮቹን ጣታችሁ ላይ አንከባሉ። ጠፍጣፋ ቦታ ካላቸው ይቀየሩ። ያጠረች ሞላን ጎትቶ ማስረዘም የተለመደ ነው፤ ለሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ዚዝዝ ይመለሳል። ሦስቱንም ሞላ አዲስ አድርጉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሮለሮቹ የሚይዙትን የማርሹን አንገት ነው። ጥፍራችሁን አሂዱበት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው አዲስ ሮለርም ይንሸራተትበታል፤ ማርሹም መቀየር አለበት።

ለምን ተበላ? አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ባትሪ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ እሳቱ ይነሳና ወደ ኋላ ይመታል። ያንን ምት የሚቀበሉት እነዚያ ሦስት ሮለሮች ናቸው። ስለዚህ ክላቹን አድሳችሁ ያንኑ ባትሪ አትመልሱበት። ዘይቱም የሞተርሳይክል ይሁን፣ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA፣ የሞተርሳይክል ዘይት ደረጃ) የሚል። "ነዳጅ ቆጣቢ" የሚባለው የመኪና ዘይት የሚያንሸራትት ነገር ሊኖረው ይችላል።

[ምስል፦ ሁሉም ተገጥሟል። አውራ ጣት ቁልፉ ላይ።]

ካንዴላውን ፍቱና መጀመሪያ ያለ ጫና አዙሩት። ያዘ? ካንዴላውን መልሱ። አሁን አስነሱት።