ብሔራዊ ጋ እንገናኝ

ሄኖክ፦ እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አዲስ አበባ የድሮ ቴአትር ቤቶች ነው የምናወራው። የትኛውን ማየት እንዳለባችሁ፣ ትኬት እንዴት እንደሚገኝ...

ማህሌት፦ ከሱ በፊት የሉሲዋን ታሪክ አውራ።

ሄኖክ፦ ኧረ ማሂ!

ማህሌት፦ ሳታወራማ አንጀምርም።

ሄኖክ፦ (ሳቅ) እሺ። ተማሪ ነኝ። ስድስት ኪሎ የምትማር አንዲት ልጅ አለች፣ ከሐዋሳ ነው የመጣችው፣ ለከተማው ገና ናት። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ብዬ ጉራ ይዞኛል። ቴአትር ልጋብዝሽ አልኳት። ጠዋት ሄጄ መስኮቱ ጋ ተሰልፌ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። ከዛ ደወልኩና «ዘጠኝ ሰዓት ብሔራዊ ጋ እንገናኝ» አልኳት።

ማህሌት፦ ብቻ?

ሄኖክ፦ ብቻ! ሌላ ምን ልበል? ታክሲው ራሱ እኮ «ብሔራዊ፣ ብሔራዊ» ብሎ ነው የሚጣራው። እና ብሔራዊ ቴአትር ደጅ፣ አንበሳው ሥር ቆሜያለሁ። ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ሰው እየገባ ነው። ስደውል ስልኳ ዝግ ነው፣ ባትሪ ጨርሳለች። ለካ እሷ አምስት ኪሎ ቆማ ትጠብቀኛለች!

ማህሌት፦ ብሔራዊ ሙዚየም። (ሳቅ)

ሄኖክ፦ ከግቢ ወጥታ ቁልቁል ወርዳ። ለእሷ ብሔራዊ ማለት እሱ ነዋ!

ማህሌት፦ አንተ ከአንበሳ ጋር፣ እሷ ከሉሲ ጋር።

ሄኖክ፦ እኔማ ቀረሁ። ትኬት ደግሞ አልቋል፣ ውጭ የቀረ ሰው አለ። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ጋሼ መጡና «ልጄ፣ ትርፍ አለህ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው።

ማህሌት፦ ባለፈው ስታወራኝ ሸጥኩላቸው ነበር ያልከው።

ሄኖክ፦ ግማሽ ዋጋ ተቀበልኩ፣ እሺ! ግን ስሚኝ፣ እኚህ ሰውዬ ናቸው ያን ቀን ያዳኑት። መጋረጃው እስኪከፈት የቤቱን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ አወሩኝ። ግንባታውን የጀመረው ጣልያን ነው፣ ለሲኒማ ብሎ። አልቆ የተከፈተው ግን በ1948 ነው፣ የንጉሡ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር። ደጁ ላይ ያለው አንበሳም ለዛው በዓል የተሠራ ነው፣ ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ነው የቀረጸው። እኔ ስንት ዓመት ሥሩ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ማን ሠራው ብዬ አላውቅም። ለመክፈቻ የታየው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን»።

ማህሌት፦ ዳዊት የሰው ሚስት የሚወስድበት?

ሄኖክ፦ እሱ! ይሄንን የሚነግሩኝ እኔ የቀረችብኝን ልጅ እያሰብኩ ነው! ስሙም ያኔ ብሔራዊ አይደለም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር። ብሔራዊ የተባለው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

ማህሌት፦ አየህ፣ በድሮ ስሙ ብትጠራላት ኖሮ አትጠፋም ነበር።

ሄኖክ፦ እንደዛማ ቢሆን ጭራሽ ከግቢ አትወጣም! ዩኒቨርሲቲውም እኮ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር የሚባለው።

ማህሌት፦ (ሳቅ) ወይኔ! አንተ ዕድል የለህም በቃ።

ሄኖክ፦ እና እኔ ለእንግዳ መጀመሪያ የማሳየው ብሔራዊን ነው። አዳራሹ ብቻ፣ ከ1000 በላይ ወንበር። መብራቱ ሲጠፋ ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ጸጥ ሲል...

ማህሌት፦ አልስማማም። መጀመሪያ ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ነው።

ሄኖክ፦ ጀመረች።

ማህሌት፦ በ1927 እኮ ነው የተቋቋመው! ጣልያን ሊገባ ሲል፣ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለአገሩ ለማነሳሳት። ማኅበር ነበር መጀመሪያ። ጥላሁን ገሠሠ ራሱ ወደ ክቡር ዘበኛ ከመሄዱ በፊት እዛ ነው የጀመረው።

ሄኖክ፦ ታሪኩን አልካድኩም። አዳራሹ ግን...

ማህሌት፦ አዳራሽ አዳራሽ አትበልብኝ! ፒያሳ እንዴት እንደተቀየረ ታውቃለህ። እንደሱ ያለ ቤት ስታገኝ ቀድመህ ትገባለህ፣ አለቀ።

ሄኖክ፦ እሺ፣ በታሪክ አንቺ። በአዳራሽ እኔ።

ማህሌት፦ በታሪክ እኔ ካልኩማ... ተወው። ትኬቱንስ? ስለ ትኬት እናወራለን ብለህ ነበር።

ሄኖክ፦ አዎ! እሱ ቀላል ነው። ቸግሮ የሚያስቸግረው ትኬቱ ሳይሆን ቀኑ ነው። አንድ ቴአትር የራሱ ቀን አለው። በሳምንት አንዴ፣ ሁልጊዜ በዛው ቀን ነው የሚታየው። ከተወደደ ወራት ይቆያል፣ ዓመታት የሚቆይም አለ። ስለዚህ ሐሙስ ነፃ ከሆንሽ የምታይው የሐሙሱን ነው። በሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ይሰቀላል፣ ቀኑን እዛ አንብቢ። ከዛ መስኮቱ ጋ ነው። ኮሜዲ ከሆነና እሑድ ከሆነ ቀደም ብለሽ ሂጂ።

ማህሌት፦ እና ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ አንዱ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ አክስቴን ይዤ ሄጄ «ተዋናዩ ስላልተመቸው ዛሬ የለም» ተባልኩ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቆሎዋን ቋጥራ ነው የመጣችው።

ሄኖክ፦ ቆሎ ይዞ መግባት ይቻላል?

ማህሌት፦ ማን ይጠይቃታል? እዛው ደጁ ላይ ቁጭ ብለን በላነው።

ሄኖክ፦ (ሳቅ) ልጅቷም እኮ ማታ ደውላ መጀመሪያ ያለችኝ ምን መሰለሽ? «ድንቅነሽ እንዲህ ትንሽ ናት እንዴ?» ሙዚየሙን አይታ ጨርሳለች!

ማህሌት፦ ብልጥ ናት። በል እሑድ ሀገር ፍቅር ትወስደኛለህ፣ ከፋዩ አንተ።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ስምንት ሰዓት ፒያሳ እንገናኝ።

ማህሌት፦ ፒያሳ የት?!

ሄኖክ፦ በሩ ጋ! በሩ ጋ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት።