መሬቱ የተነቃነቀው የት ጋ ነው?

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ስልካችን ላይ ተጥደን ነበር። አንድ ቀን አንድ ተማሪዬ የመንቀጥቀጦቹን ዝርዝር በስልኩ ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ጥልቀቱ ለምንድን ነው ሁልጊዜ 10 ኪሎ ሜትር የሚሆነው?» አለኝ። አየሁት። እውነትም ከላይ እስከ ታች 10፣ 10፣ 10 ይላል። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ያ ጥያቄ ነው።

ያ 10 አብዛኛውን ጊዜ የተለካ ቁጥር አይደለም። በቅርብ መመዝገቢያ ጣቢያ ከሌለ ጥልቀቱን በትክክል ማስላት ይከብዳል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ 10ን ለጊዜው ይይዙና የቀረውን ያሰላሉ።

ቦታውስ? እሱም የሚገኘው በስሌት ነው። በራሳችን መንገድ ላስረዳ። ሁለት መኪኖች ከኮምቦልቻ እኩል ተነሱ እንበል። አንዱ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ወደ ደሴ ይወጣል። ሌላው ሜዳ ለሜዳ ወደ ሃርቡ ይበራል። እናንተ የምታውቁት የደረሱበትን ሰዓት ብቻ ነው። የመንገዱን ጠባይ ካወቃችሁ መነሻቸውን ታገኙታላችሁ። «መንገድ ሁሉ አንድ ነው» ካላችሁ ግን የደሴው መኪና የዘገየው ከሩቅ ስለመጣ ይመስላችኋል። መነሻውንም ከኮምቦልቻ አልፋችሁ ወደ ሃርቡ ትገፉታላችሁ።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድም እንዲሁ ነው። የምድር ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲሰላ የኖረው መሶብ ላይ እንደተነባበረ እንጀራ ነው። ጥልቀቱ እኩል ከሆነ፣ የትም አገር ፍጥነቱ እኩል ነው ተብሎ። ለዓለም በጥቅሉ ይህ ጥሩ ይሠራል። ለእኛ ግን አይሆንም። እኛ ያለነው በደጋውና በአፋር መካከል ጠርዝ ላይ ነው። ከጦሳ ተራራ ወዲያ፣ በደጋው ስር፣ የመሬት ቅርፊት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ቁልቁል አፋር ስንገባ ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚሳሳበት ቦታ አለ። ከስሩ ያለው ድንጋይ ደግሞ የጋለ ነው፤ የጋለ ድንጋይ ሞገድ ያዘገያል።

እስቲ አብረን እናስላ። በተለመደው ሞዴል ሞገዱ ከቅርፊቱ ስር በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በአፋር ስር 7.5 ቢሆንስ? በ300 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የሁለት ሰከንድ ተኩል ልዩነት ይመጣል። ይህ በአንድ ጣቢያ ስሌት 20 ኪሎ ሜትር ስህተት ነው። ከዚህ ከደሴ ተነስታችሁ ኮምቦልቻ ልትገቡ ምንም አይቀራችሁም።

መፍትሔው ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ነው። ሐኪም ሆዳችንን በሲቲ ስካን እንደሚያየው፣ ብዙ ሞገዶች ተሰብስበው የምድር ውስጥ በየአቅጣጫው ይሳላል። በአሜሪካ የሳንዲያና የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራዎች ሳልሳ ስሪዲ የሚባለውን ሠርተዋል። መነሻቸው የኑክሌር ፍንዳታ ቁጥጥር ነበር። የኑክሌር ሙከራን የሚያግደው ስምምነት፣ መርማሪ ቡድን መሬት ላይ ወርዶ የሚፈትሸው ስፋት ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይወስናል። በ20 ኪሎ ሜትር የሳተ ሰው ከዚያ ክልል ውጭ ሊቀር ይችላል።

ለእኛ ጉዳዩ ከዚህ ይቀርባል። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ቦርከና የሚፈስበት ሸለቆ ራሱ በስንጥቅ የወረደ መሬት ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። አያቴ ያንን ስታወራ ድምጿ ዝቅ ይል ነበር፤ ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። ዛሬ አንድ ንዝረት ሲሰማን የቦርከና ስንጥቅ ይሁን የአፋር ሜዳ መለየት አለብን። ኮምቦልቻ ላይ ፎቅ የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ማወቅ አለበት።

ሞዴሉ ግን የእኛን ጠርዝ የሚያውቀው እዚሁ የተመዘገበ ሞገድ ሲያገኝ ነው። ጣቢያው ትልቅ ነገር አይደለም። የተቀበረ መሣሪያ፣ ባትሪ፣ የፀሐይ ፓነልና አጥር ነው። የሚፈልገው ከመኪና መንገድና ከወፍጮ ቤት የራቀ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ፍየል ገመዱን እንዳይበላው፣ ልጆች ፓነሉን በድንጋይ እንዳይመቱት የሚያይ ሰውም ይፈልጋል። ግቢያቸው ጸጥ ያለ ትምህርት ቤቶች ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ አነጋግሩኝ። ያ ተማሪዬም ደብተር ይዞ በሩ ጋ ቆሟል፤ ስማችሁን ይመዘግባል።

አመሰግናለሁ።