ጅማን በካርቶን ማቆም

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ በቡድን ስለሚሠሩት የከተማ ሞዴል ነው የማወራችሁ። ጅማ ከሩቅ ስትታይ ያላትን ገጽታ፣ ሕንጻውን፣ ሚናራውን፣ ዛፉን፣ ከኋላ ያለውንም ኮረብታ በካርቶን ስለማቆም።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። አንዱ ቡድን ባለ 20 ፎቅ ሠርቶ ይመጣል፣ ሌላው የክብሪት ቀፎ የምታክል ሱቅ ይዞ ይመጣል። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር ከተማ አይመስልም። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። መቀስ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም የሚሠሩበት አንድ ልክ ስላልተሰጣቸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ምንም አይቆረጥ። ስኬል ብቻ ይሠራ። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ነው ብለን እንያዝ። በ1 ለ200፣ ማለትም የእውነቱን 200 ሳንቲ ሜትር በሞዴሉ 1 ሳንቲ ሜትር አድርገን ስናሰላው፣ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ጂ+3 ሕንጻ እንግዲህ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አራት ወለል ስላለው። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል፤ 3 የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ 4.5 ይቆርጣል። መሬት ላይ ያለው ወለልም እንደሚቆጠር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ይጻፍላቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ጅሬን ነው፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ቦታ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሌለበት የጅማ ሞዴል ተማሪዎቹ ራሳቸው አይቀበሉትም፣ እውነታቸውን ነው። ግን ጅሬን ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ1 ለ200 ይህ 35 ሜትር ማለት ነው! ከክፍሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሊያርፍ ነው። እኔ ይህን ስሌት ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ቢተውላቸው ደስ ይለኛል፤ ስኬል ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

መፍትሔው ሦስት ረድፍ ማድረግ ነው። የፊተኛው ረድፍ በ1 ለ100 ይሠራል፣ አንድ ፎቅ 3 ሳንቲ ሜትር። የመርካቶ ሱቆችና በረንዳዎቻቸው እዚህ ይቀመጣሉ። የመሀሉ በ1 ለ200፤ ፎቆቹ፣ ሚናራው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት። የኋለኛው በ1 ለ400፣ አንድ ፎቅ 7.5 ሚሊ ሜትር፤ ኮረብታውና ቤተ መንግሥቱ። በየረድፉ መካከል 12 ሳንቲ ሜትር ከተተወ የቀረውን ርቀት ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ቤተ መንግሥቱ ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር መኖሪያ ነው፣ የእንጨት ሥራው ያማረ። ግን በዚህ መጠን የበረንዳውን እንጨት አንድ በአንድ ልሥራ ማለት ጊዜ መግደል ነው። ከጣሪያው ሥር በእስክሪብቶ ጠቆር ያለ መስመር ይሰመር፤ ከሩቅ በረንዳ ይመስላል።

ካርቶኑ ከሱቅ ይገኛል፣ የብስኩትና የሳሙና ካርቶን ይበቃል። የፍሪጅ ካርቶን ድርብ ስለሆነ ለመሠረት ይቀመጥ። የካርቶኑ ሞገድ፣ ማለትም በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው ሽብሽብ ወረቀት፣ ከላይ ወደ ታች እንዲሄድ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ያኔ ግድግዳው ጭነት ይችላል፣ ማዕዘኑም ሞገዱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። አግድም ከሆነ ሲታጠፍ ይሰባበራል። ከመታጠፉ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ማስመሪያ ተይዞ ይጫን። 8 በ6 ለሆነ ሕንጻ 29 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ያስፈልጋል፤ 28ቱ ዙሪያው፣ 1 ሳንቲ ሜትሩ ለማጣበቂያ። ክዳኑን ግን ከወረቀቱ ላይ ካለው ልክ አትቁረጡ። ካርቶኑ ራሱ ውፍረት ስላለው ሳጥኑ ከታጠፈ በኋላ ልኩ ይለወጣል። መጀመሪያ ሳጥኑ ይቁም፣ ከዚያ ካርቶን ላይ ገልብጦ ዙሪያውን ማስመር ነው። በካተር ሲቆረጥ ደግሞ ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጎ ማመላለስ እንጂ አንዴ በኃይል መጫን የለም፤ ጣት የሚቆረጠው ያኔ ነው።

ለፊተኛው ረድፍ የቆርቆሮ ጣሪያ እንዲህ ይሠራል። የካርቶኑን አንድ ፊት በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ፣ ጥቂት ደቂቃ መተው፣ ከጥግ ጀምሮ ቀስ ብሎ መላጥ። ውስጡ ያለው ሞገድ ይወጣል፤ ሲደርቅ ግራጫ ቀለም ይቀባል። መጠኑ ከእውነተኛው ቆርቆሮ አንጻር ትልቅ ነው፣ ግን ፊት ለፊት ላለ ቤት ያምራል። የኋለኛው ረድፍ ላይ ግን ቤቱን ይውጠዋል፤ እዚያ ልሙጥ ወረቀት ይሁን።

ዛፉንም አደራ። ጅማ ከሩቅ ስትታይ ከሕንጻው ይልቅ አረንጓዴው ይበዛል። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ ለምኖ በአረንጓዴ ቀለም ነክሮ ማድረቅና ኮላ በተቀባ የጋዜጣ ኮረብታ ላይ መበተን ነው።

አሁን ዋናው ነገር። 60 ተማሪ ካለ ስድስት ስድስት ሆነው 10 ቡድን ይሁኑ፤ ለእያንዳንዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር መሠረት ይሰጥ። ጎን ለጎን ሲሆኑ 4 ሜትር ከተማ ይወጣል። ሕንጻ ለየቡድኑ ከማከፋፈል ይልቅ መሬት ማከፋፈል ይሻላል የምለው፣ መሬት ጎረቤት ስላለው ነው። ጎረቤት ካለ ደግሞ መነጋገር ግድ ነው። የኮረብታው ከፍታ አንዱ ጋ 14፣ ሌላው ጋ 9 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰማዩ ሥር ደረጃ ይሠራል። አዌቱ ወንዝ የአንዱ መሬት ጫፍ ላይ ደርሶ ጎረቤቱ ጋ ሱቅ ውስጥ ይገባል።

ይህን የሚያስቀረው የድንበር ካርድ ነው። ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሁለት ካርቶን ተደራርቦ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ የኮረብታው ከፍታ፣ የመንገዱ ጠርዝና የወንዙ ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ አንድ አንዱን ሁለቱ ጎረቤቶች ይወስዳሉ። ለ10 ቡድን 9 መገጣጠሚያ፣ 18 ካርድ። ከካርዱ መስመር ውጭ መሥራት የሚፈልግ ቡድን መጀመሪያ ጎረቤቱን ያስፈቅዳል። ቡድን ውስጥ ደግሞ ለኪ፣ ቆራጭ፣ አጣባቂና አረጋጋጭ በየክፍለ ጊዜው ይቀያየሩ። አለዚያ ጎበዝ ሰዓሊው ብቻውን ይሠራል፣ ሴቶቹ ቀለም ቀቢና ጠራጊ ሆነው ይቀራሉ፤ ይህ ፈጽሞ መሆን የለበትም።

ስለ ዝናባችንም ልበል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ኮላ ቶሎ አይደርቅም፤ እስከ ማግስቱ ይቆይ። አንዱን ፊት ብቻ ቀለም ከቀባችሁት ካርቶኑ ይጣመማል፣ ስለዚህ ውስጡንም በስሱ ቀቡት። የዱቄት ሙጫ ርካሽ ነው፣ ግን ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል፤ ለኮረብታው ጋዜጣም ቢሆን በበጋ ብቻ። ሞዴሉ ሲሚንቶ ወለል ላይ አይደር፣ ወንበር ላይ ይውጣ።

ማርክ ሲሰጥ ከ20ው 8ቱ ለመገጣጠሚያው ይሁን፤ ለሁለቱም ጎረቤቶች እኩል። ይህ ከመጀመሪያው ቀን ይነገራቸው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ አይደለም።