እጅ የማይወጣበት ጉዳይ

የተከበራችሁ የጎንደር ሰዎች፣ አባቶች እናቶች፣ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ ዴሞክራሲ ተናገር ስትሉኝ ቶሎ ትዝ ያለኝ የሰፈራችን እድር ነው። ጸሐፊ ነበርኩ፣ አንድ እሁድ ሁለት አጀንዳ ይዘን ተቀመጥን፣ አንደኛው የወር መዋጮ ይጨመር የሚል ነው፣ ተጨቃጨቅን፣ እጅ ወጣ፣ ያልተስማሙትም ከፈሉ። እነሱ ጥቂት ነንና አንከፍልም ቢሉ እኮ እድሩ ፈርሶ ነበር። ሁለተኛውን ያመጡት ሙስሊም አባሎቻችን ናቸው፣ ሀዘን ሲደርስብን የምናበስልበት ድስትና ሰሃን ለብቻው ይገዛልን አሉ፣ ከ80 ቤት 9 ቢሆኑ ነው፣ ሰብሳቢው "በሉ እጅ አውጡ" አለ፣ ቆጠርኩ፣ ጥያቄያቸው ወደቀ። "በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል" ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት እናት ተነስተው "እኔ ስሞት ልጆቼ ድስት ልመና ሊዞሩ ነው?" አሉና ተቀመጡ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

መዋጮ ላይ የተሸነፈ ሰው ለከርሞ ጎረቤቱን አሳምኖ ያሸንፋል፣ በሃይማኖቱ ግን 9 ቤት መቼ ነው 80 የሚሆነው? በቆጠርን ቁጥር ይሸነፋል በቃ። ይሄን ከተማችን ታውቀዋለች፣ በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ጊዜ እዚሁ ጎንደር ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይኑር ተባለ፣ የሙስሊሞቹ የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚያ ነው የሚነሳው። ደግሞ እዚህ ብዙ የሆንን ሰዎች መተከል ስንሄድ ጥቂት ነን፣ እዛ ያለ ዘመዳችን እጅ ተቆጥሮበት ሲያድር ምን እንደሚሰማን ሁላችንም እናውቃለን።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይሄን አስቦበታል። ከ550 በማይበልጠው የተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 ወንበር ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች ተትቷል፣ የመብቶቹን ምዕራፍ ለመቀየር ደግሞ በአንቀጽ 105 ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማታቸው አይበቃም፣ የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው፣ አንዱ እምቢ ካለ ይቆማል። ጥሩ አጥር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ስልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት መሆኑ ነው፣ አባላቱን የሚልኩት አብዛኛውን ጊዜ የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፣ ክልሉ ላይ ብዙሃኑ የበደለው ሰው አቤት የሚለው መልሶ የዚያው ክልል ፖለቲከኞች የላኩት ሰው ዘንድ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ አቤቱታ ከምርጫ ነጻ የሆነ ዳኛ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ፣ እዚህ ላይ የማትስማሙ ካላችሁ ከሻይ በኋላ እንከራከር።

ድስቱ የተገዛው ከአመት በኋላ ነው። ደንባችንም ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርን፣ የአባል ቀብር፣ ሀዘንና እምነት ላይ ድምፅ አይሰጥም የሚል። እናንተም ቤት ስትገቡ የእድራችሁን ደንብ አውጡና ይሄ አንቀጽ እንዳለበት እዩልኝ፣ ከሌለ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙት። አመሰግናለሁ።